ነፋስ መውጫ

ነፋስ መውጫ በደቡብ ጎንደር ዞን የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ትገኛለች። ለዕድገቷ ዋናው ምክንያት ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀውና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ነው። ቻይናውያን መንገዱን የሠሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ ነው። መተላለፊያው ግን ከመኪና ይቀድማል፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት በኩል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ ሆኖም ያ ሠራዊት አልፎ ሄደ። ሻይ ቤትና አልጋ ቤት የሚያቆመው በየቀኑ የሚመላለስ ተሳፋሪና ጫኝ ነው። ጎዳናው ጦርነትም ያመጣል፦ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ለቀናት ይዘዋት ነበር፤ በዚያን ጊዜ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን አስገድዶ መድፈር አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሰው የነዋሪ ብዛት ሁሉ ግምት ነው። ቆጠራውም ቢሆን የሚመዘግበው ቤተሰብን በየቤቱ እንጂ በገበያ ቀን እህልና በግ ይዞ ገብቶ ማታ የሚመለሰውን ገበሬ አይደለም።