ፍሪሲዮን ሲያዳልጥ

ጋራዥ ውስጥ «ፍሪሲዮኑ አልቋል»፣ «ተቃጥሏል»፣ «ሸቷል» ሲባል እንሰማለን። ሦስቱም የመጨረሻውን ደረጃ የሚናገሩ ናቸው፤ አንዴ ከተባሉ ገንዘብ ከማውጣት ሌላ መላ የለም። ከዚያ በፊት ያለውንና ገና መላ ያለውን ደረጃ የውጭ መካኒኮች «ክላች ስሊፕ» ይሉታል። እኔ የማቀርበው አቻ «የፍሪሲዮን ማዳለጥ» ነው። «መንሸራተት» የሚሉ አሉ፤ ስሕተት አይደለም። ማዳለጥ ግን መያዝ የሚገባው ነገር አልይዝ ማለቱን በአንድ ቃል ይናገራል፤ «ዳገት ላይ ያዳልጣል» ቢሉት መካኒኩም ወዲያው ይገባዋል።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ዙር ለካምቢዮ የሚያቀብል ክፍል ነው። በሁለት ፊቱ ሸራ የተለበጠ ዲስክ አለ። ዲስኩ ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከር ከባድ ክብ ብረትና በጠንካራ ሞላ በሚገፋ ሳህን መካከል ተጨምቆ ይያዛል። ፔዳሉን ስንረግጥ ይላቀቃል፣ ስንለቅ ይያዛል። በሁለቱ መካከል ሞተሩ ፈጥኖ፣ ዲስኩ ዘግይቶ የሚዞሩበት ቅጽበት አለ፤ ያኔ ፍሪሲዮኑ ያዳልጣል። ይህ ጤነኛው ማዳለጥ ነው፤ እሱ ባይኖር መኪና ሳይንገጫገጭ አይነሳም። በሽታው ሁለት መልክ አለው፦ ሾፌሩ ቅጽበቱን ሲያራዝመው፣ ወይም እግሩ ከፔዳሉ ላይ ከተነሳ በኋላም ማዳለጡ ሲቀጥል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይወልዳል።

ላሊበላ የሚገኝበት ላስታ ለዚህ በሽታ የተመቸ አገር ነው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ከተማ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በወልድያ በኩል የሚመጣ መኪና የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ጋሸና ደርሶ፣ ከዚያ ገና ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ሰው የሚያየው ዳገቱን ነው። የማይታየው አየሩ ነው። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንዳይጠፋበት የሚሰጋ ሾፌር ምን ያደርጋል? ሞተሩን ያስጮህና ፔዳሉን ቀስ እያለ ይለቃል። እንደዚያ በተነሳ ቁጥር ሸራው ትንሽ ይበላል። በደልዳላ መንገድና በጥሩ እግር ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ፍሪሲዮን እዚህ ዕድሜው ሳይደርስ የሚያልቀው ስለዚህ ነው፤ ሁልጊዜ የዕቃው ጥራት አይደለም።

ለበዓል ወደ ላሊበላ በሚጎረፍበት በገና ሰሞን ደግሞ ይብሳል። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ መኪና ሰውና ጓዝ እንደጫነ ዳገት ላይ ሰልፍ ይይዛል። ብዙዎች ያኔ ፍሬን አይዙም፤ ፔዳሉን በግማሽ ለቀው፣ ቤንዚን እየሰጡ መኪናውን በፍሪሲዮን ያቆሙታል። ሲታይ የጥሩ ሾፌር ብልሃት ይመስላል። እናስላው። 2.5 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 10 በመቶ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየዞረ በአንደኛ ማርሽ እንዲህ ቢቆም፣ ዲስኩ ላይ 7 ኪሎ ዋት ገደማ ሙቀት ይፈጠራል። ይህ በአንድ ጊዜ የተለኮሱ ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣዶች ያህል ነው፤ ያውም መኪናው አንድ ስንዝር ሳይንቀሳቀስ። ሸራውን ያያዘው ሙጫ ሲግል ይሸታል፣ ፊቱ ጠንክሮ ያብረቀርቃል። ያብረቀረቀ ሸራ ይበልጥ ያዳልጣል፣ ያዳለጠው ይበልጥ ይግላል።

ከጎማው ኋላ ታኮ ወይም ድንጋይ የሚወረውረውን ረዳት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በእኔ ግምት ከብዙ ሾፌሮች ይልቅ ፍሪሲዮን ያዳነው እሱ ነው። ረዳት ለሌለው የእጅ ፍሬን አለ፦ ስቦ መቆም፣ ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምር መልቀቅ።

ያገለገለ የስፖርት መኪና የሚገዙ ሰዎችም ከዚሁ ችግር ጋር ይጋፈጣሉ፤ እዚያ ግን ጥፋቱ የዳገት ሳይሆን ሞተር እያስጮኸ በድንገት መነሳት የሚወደው የቀድሞ ባለቤት ነው። ዳገት ላይ የዋለ ሚኒባስም ሆነ የስፖርት መኪና አገልግሎ ሲሸጥ ገዢው የሚወርሰው የሌላውን ሰው እግር ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው አይቀርም፤ ውርሱም አብሮ ይዞራል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውምና።

ከመግዛት በፊት መፈተን ቀላል ነው። ማዳለጥ መጀመሪያ የሚታየው በአንደኛ ማርሽ አይደለም፤ በሦስተኛና በአራተኛ፣ ሞተሩ ሲጫነው ነው። መለስተኛ ዳገት ላይ በአራተኛ እየሄዱ ነዳጁን ጠበቅ አድርገው ይርገጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ሲል ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ ፍሪሲዮኑ ያዳልጣል። ሻጩ «ዳገቱ ነው» ቢልዎት አይስሙት፤ ዳገት ሞተሩን ያደክማል እንጂ ብቻውን አያስጮኸውም።

ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ግን ፔዳሉ ይታይ። በገመድ በሚሠራ ፍሪሲዮን ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ ጨዋታ ከሌለው ኩሽኔታው የሳህኑን ሞላ ሁልጊዜ ስለሚገፋ ሳህኑ ዲስኩን በሙሉ ኃይሉ አይጨምቀውም፤ መፍትሔው ገመዱን ማላላት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከወረደም ሸራ ብቻ አስመትቶ መመለስ ርካሽ ይመስላል፤ ሳህኑና ኩሽኔታው አብረው ካልተቀየሩ፣ በሙቀት የተበላሸው ክብ ብረትም ቶርኖ ቤት ገብቶ ፊቱ ካልተስተካከለ፣ ያው ሥራ ይደገማል። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ሄዶ ዲስክ ከመግዛት በፊት ደግሞ አሮጌው ዲስክ ዘይት ነክቶት እንደሆነ ያስፈትሹ። ከነካው ብዙ ጊዜ የሚያፈስሰው የሞተሩ የኋላ ጎሚኒ ነው፤ እሱ ሳይቀየር የገባ አዲስ ዲስክም ያዳልጣል።