ቀለብ ተሸካሚዎቹ የት ይቆጠሩ? የደልጊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥያቄ

በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው ደልጊ የጣቁሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ የሚያርፍባት ወደብ በመሆኗ ስሟ ከውኃው ጋር ይነሣል፤ አብዛኛው የወረዳው ሕዝብ የሚኖረው ግን ከሐይቁ ርቆ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና ሽምብራ እያመረተ ነው። እንዲህ ባለች ከተማ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስፈለግ አለማስፈለጉ በነዋሪዎቿ ቁጥር ብቻ ከተመዘነ መልሱ ይሳሳታል ብዬ እከራከራለሁ።

ማስረጃው ተማሪዎች በሚከራዩት ክፍል ውስጥ ይገኛል። በአማራ ክልል የወረዳ ከተሞች የገጠር ልጆች 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ጥግ ላይ ዱቄት የያዘ ማዳበሪያ ይቀመጣል፤ አጠገቡ በሶና ቆሎ በፌስታል ተቋጥሯል፤ ማታ ደብተር የሚዘረጋው በመኝታው መደብ ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ አመሻሽ ቀለባቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ቀለቡ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ካለቀ የቀሩት የትምህርት ቀናት ይባክናሉ። መዝገቡ ላይ ግን ልጁ የከተማ ተማሪ ነው፤ በእግሩ የተጓዘው መንገድ የትም አይጻፍም። ሴት ልጅ ስትሆን ነገሩ ይከብዳል። ወላጅ ልጁን ብቻዋን ኪራይ ቤት ማስቀመጥ ይፈራል፣ ፍርሃቱም አንዳንድ ጊዜ በጋብቻ ይቋጫል። የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ በማለዳ ወጥታ በቀትር ቤቷ የምትገባበት ትምህርት ቤት ግን ሕጉ ብቻውን አይሠራላትም።

ከገጠር በሚመጡት ተማሪዎች ብዛት የሚፈጠረው የቦታ ጥበት ሌላም ምንጭ አለው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንደ ወንፊት ያገለግል ነበር፤ ከወንፊቱ ያለፉት ብቻ ወደ መሰናዶ ይገቡ ነበር። ፈተናው ቀረ፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲም ሁለተኛ ደረጃን ከ9ኛ እስከ 12ኛ አንድ ወጥ እርከን አደረገው። ውሳኔው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ በመንገድ ይቀሩ የነበሩ ልጆች አሁን አራቱንም ዓመት ወንበር ይፈልጋሉ። ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ሰላም ሲመለስ የቀሩትና አዲስ የደረሱት አንድ በር ላይ ይገናኛሉ።

ግድግዳ ማቆም ብቻውን እንደማይበቃ የታወቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በርካታ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ ሲታጨቅ የኬሚስትሪ መምህሩ ሙከራውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ከማለፍ ውጭ አማራጭ የለውም። ስለዚህ የሚጠየቀው ቤተ ሙከራውን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና መምህሩን ይዞ የሚመጣ ትምህርት ቤት ነው።

ቆጠራውም ከከተማዋ ቀበሌ ሳይሆን ከወረዳው የ8ኛ ክፍል መዝገብ ይጀምር። ምዝገባ ላይ ከየት ቀበሌ እንደ መጡና ስንት ሰዓት በእግር እንደ ተጓዙ ይጻፍ። መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርደው ዘግይተው የሚመጡትም በስማቸው ይያዙ። የአዲሱ ትምህርት ቤት ቦታ የሚመረጠው ይህ መዝገብ ተዘርግቶ፣ ብዙ እግር በሚመጣበት አቅጣጫ ነው።