ዝናብ ወንዝንና ተራራን እንዴት ይቀርጻል?

ወንዝ ወለሉን የሚቆርጠው በውኃው ብቻ ሳይሆን ጎርፉ በሚያንከባልለው ድንጋይና አሸዋ ጭምር ነው። በመሆኑም የመልክዓ ምድርን ቅርጽ የሚወስነው የዓመቱ ዝናብ መጠን ብቻ አይደለም፤ አጣጣሉም ነው። በዝግታ የሚጥል ዝናብ ወደ መሬት ይሰርጋል። ያው መጠን በጥቂት ቀናት ሲወርድ ግን ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ ይሆናል።

ዓባይ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኘው ጣና ሐይቅ ተነሥቶ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ከ1 ሺህ ሜትር በላይ የሚጠልቀውን ሸለቆ የቆረጠው በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ነው። ዋናው ወንዝ ወለሉን ዝቅ ሲያደርግ ገባሮቹም ይከተሉታል፤ ግርጌው የተሸረሸረ ዳገትም ይናዳል።

በማሳ ላይ የሚታየው ቦረቦር የሚያድገው በዚሁ ሕግ ነው። አናቱ በየክረምቱ ወደ ዳገቱ ይወጣል፤ ወንዝ በዘመናት የሚሠራውንም በጥቂት ክረምቶች ይፈጽማል። የተጠረገው አፈር እንደ ፎገራ ባለው ሜዳ ላይ ቁልቁለቱ ሲለዝብ ይተኛል። በደለል ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝም ከዳርቻው ወጥቶ ማሳንና መንደርን ያጥለቀልቃል።

ዝናብ በጨመረ ቁጥር ግን መሸርሸር ሁልጊዜ አይጨምርም፤ ዝናቡ ሣርና ዛፍ ካበቀለ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ስለዚህ የተፋሰስ ሥራ ከላይኛው ዳገት ይጀምራል፦ እርከኑ ውኃውን ያሰርጋል፤ ክትሩ የቦረቦሩን ወለል ከመጥለቅ ይገታል፤ ተክሉ አናቱን ያጸናል።