ወጌሻውን ከታሪካችን አናውጣው

የዘንድሮው የመገናኛ በዓል መጽሔት አዘጋጆች ስለ ፊዚዮቴራፒ ሙያ ታሪክ ጻፍ ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ የተማርኩባት ጎንደር ሳትሆን የተወለድኩባት ውጫሌ ናት። ውጫሌ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያነሳው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውልና የ17ኛውን አንቀጽ ጣጣ ነው። በአማርኛው «ይቻላል» የሆነው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘና ነገሩ አድዋ ድረስ ዘለቀ። የእኛም ሙያ ጣጣው ከስሙ ይጀምራል። «ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ስል ከተሜው «ማሳጅ ነው?» ይለኛል፤ ወደ አምባሰል ገጠር ስወርድ ደግሞ «አሃ፣ የተማረው ወጌሻ!» እባላለሁ። ብዙ ባልደረቦቼ በዚህኛው ስም ይቀየማሉ። እኔ አልቀየምም፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በአውሮፓም ቢሆን ሙያው የተነሳው ከእጅ ሥራ ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አራት ነርሶች የሠለጠኑ የማሳጅ ባለሙያዎችን ማኅበር አቋቋሙ። ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ማሳጅ መጥፎ ስም ወጥቶለት ነበር። ሴቶቹ ታዲያ ማሳጁን አልጣሉትም፤ ትምህርት፣ ፈተናና ሥነ ምግባር አበጁለት። የዛሬው የብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር የመጣው ከዚያ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ዘመናዊው ፊዚዮቴራፒ የገባው በሦስት በር ነው ማለት ይቻላል፤ በሥጋ ደዌ፣ በፖሊዮና በጦርነት። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አለርት ሲቋቋም ለአፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ እንዲሆን ታስቦ ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል፤ ጣት ይቆለመማል፣ እግር ይንጠለጠላል፣ ቆዳው እሳትና ውሃ አይለይም። ስለዚህ ከጅማት ማዛወር ቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ጡንቻውን የሚያሠለጥን፣ ሕመምተኛው እግሩን በየቀኑ እያየ እንዲጠብቅ የሚያስተምር ሰው አስፈለገ። በዚያው በ1950ዎቹ ቼሻየር መናገሻ ላይ በፖሊዮ እግራቸው የሰለለ ልጆችን በብረት ድጋፍና በእንቅስቃሴ ወደ መቆም መለሰ። ከዚያ የጦርነቱ ዘመን መጣ፤ እጅና እግሩን ያጣ ሰው በዛ፤ የሰው ሠራሽ አካል ሥራም ሰፋ። የእኛው የደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከልም ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከደገፋቸው አንዱ ነው። ሙያውን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የተጀመረው ግን በ1990ዎቹ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እስኪሆን አምባሰል ላይ የተሰበረውን ማን ያቃና ነበር? ወጌሻው ነዋ! አገሩ ዳገትና ገደል ነው፤ ከዛፍ የሚወድቅ ልጅ፣ ከበቅሎ የሚወድቅ ሽማግሌ አይጠፋም። ወጌሻው ሌሊትም ቢጠሩት ይመጣል። በቤተሰብ ፊት ያሻል፣ ይጎትታል፣ ያስራል፣ «አብሽር!» ይላል። ቅርበትና መታመን ማለት ይሄ ነው።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የቀርከሃው ፍልጥ ከጠበቀ እብጠቱ መውጫ ያጣል፣ ደሙ ይቆማል፤ በቀናት ውስጥ ጋንግሪን ይሆንና ሊድን የሚችል እጅ ይቆረጣል። በአገራችን የአጥንት ሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ዕድሜ ከጠገቡ የሰፈራችን ወጌሻ ጋር ቡና ላይ ተቀምጠን፣ «አባባ፣ ካሰሩ በኋላ ጥፍሩን ጫን አድርገው ይልቀቁት፤ ነጥቶ ቶሎ ካልቀላ፣ ጣቱም ከቀዘቀዘ ወይ ከደነዘዘ ወዲያው ይፍቱትና ወደ ሐኪም ይላኩት» አልኳቸው።

«እሱንማ ዳብሼ አውቀዋለሁ ልጄ፤ ሰዉ ነው እንጂ ‹ጠበቅ አርገው ይሰሩልኝ› እያለ የሚያስቸግረኝ። ላላ ካለ የታሰረ አይመስለውም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ለወጌሻው የምነግረውን ለሚታሰረውም እነግራለሁ።

የራሴም ሥራ ቢሆን ከወጌሻው የወሰደው አለ። በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ላላቸው እናት «ከውጫሌ ደሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይመላለሱ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የመኪናው፣ የአጃቢው፣ የሚባክነው የሥራ ቀን ሲደመር ግን በሁለተኛው ሳምንት ይቀራሉ። ስለዚህ አብሮ የመጣውን ልጅ ወይም ምራት አሠለጥናለሁ፤ ከመደብ እንዴት እንደሚያስነሳ፣ የሰነፈውን ክንድ ሳይጎትት እንዴት እንደሚደግፍ። የሕክምናውም ግብ ከቤት ይመጣል። አንዱ ለስግደት፣ ሌላው ለሶላት ጉልበቱ እንዲታጠፍለት ይፈልጋል፤ ምን ያህል መታጠፍ እንዳለበት የእኔን መለኪያ አይጠብቁም፣ ያውቁታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዘልቅ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መንገድም ተዘጋ። ያኔ ለሕመምተኛው የቀረለት ቤተሰቡ የለመደው እንቅስቃሴና ጎረቤቱ ያለው ወጌሻ ነው።

መምህራኖቻችን፣ ተማሪ ለልምምድ ሲወጣ ከሆስፒታሉ ሌላ ወጌሻ ቤት አንድ ቀን ይዋል። እኛም የቀድሞ ተማሪዎች በየወረዳችን አንዳንድ ወጌሻ እንወቅ፤ የልጅ ጣት ሲቀዘቅዝ እንዲደውልልን ስልካችንን እንስጠው። የሙያችን ታሪክ ሲጻፍም ከአለርትና ከጎንደር በፊት አንድ ምዕራፍ ይኑረው። የዚያ ምዕራፍ ሰዎች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።