የመጠን ጣሪያ፦ ያልታየ ጨረር እንዴት ይለካል?

«የመጠን ጣሪያ» የምንለው ተፈልጎ ያልተገኘ ነገር፣ ቢኖር እንኳ ከዚህ ሊበልጥ አይችልም ተብሎ ከልኬት የሚወጣ ቁጥር ነው። እንግሊዝኛው «አፐር ሊሚት» ይለዋል። የሒሳብ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት «የላይኛው ወሰን» ትክክል ቢሆንም ከቀመር ውጭ ብዙም አይነገርም። «ገደብ» ደግሞ እንደ ፍጥነት ገደብ ክልከላ ያስመስለዋል። «ጣሪያ» ግን የዋጋ ጣሪያ፣ የደመወዝ ጣሪያ እያልን የለመድነው ቃል ነው። ልዩነቱ የዋጋን ጣሪያ ባለሥልጣን ሲያውጅ፣ የመጠን ጣሪያን የሚወስኑት የመሣሪያው አቅምና የተሰበሰበው መረጃ መሆናቸው ነው።

ቃሉ ደጋግሞ ከሚነሳባቸው ሥራዎች አንዱ በቅርቡ ከፈነዱ ከዋክብት፣ ማለትም ከሱፐርኖቫዎች፣ የሚመጣ ከፍተኛ ኃይል ያለው ጋማ ጨረር ፍለጋ ነው። እስካሁን ከወጡት የዚህ ፍለጋ ውጤቶች አብዛኞቹ ጣሪያዎች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍለጋው ለምን?

በ1912 ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ሄስ በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጨረሩም እየበረታ መሄዱን ለካ። ጨረሩ ከምድር ሳይሆን ከላይ የሚመጣ ነበር። ዛሬ ኮስሚክ ጨረር የምንለው ይኸው ሲሆን፣ አብዛኛው በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝ ፕሮቶን ነው። በ1934 ዋልተር ባደና ፍሪትዝ ዝዊኪ ምንጩ ሱፐርኖቫ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ሐሳቡን ማረጋገጥ ቀላል አልሆነም። ፕሮቶን የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው በኅዋ ያለው መግነጢሳዊ መስክ እያጠማዘዘ ይወስደዋል፤ ምድር ሲደርስ ከየት እንደተነሳ አይታወቅም። ፕሮቶኑ በትውልድ ቦታው አካባቢ ካለ ጋዝ ጋር ሲጋጭ ግን ጋማ ጨረር ይፈጠራል። ጋማ ጨረር ሙል ስለሌለው ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ የመጣበትም አቅጣጫ ይታወቃል።

በዕድሜ የገፉ የሱፐርኖቫ ቅሪቶች ጋማ ጨረር እንደሚሰጡ ታይቷል። የፌርሚ ሳተላይት ቡድን በ2013 «አይሲ 443» እና «ደብሊው 44» በተባሉ ቅሪቶች ውስጥ ፕሮቶኖች ኃይል እንደሚያገኙ የሚመሰክር ምልክት አሳተመ። ችግሩ ያለው በኃይሉ ልክ ላይ ነው። የእኛ ጋላክሲ ፕሮቶኖችን እስከ 3,000 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ማድረስ እንደሚችል ይታሰባል። ዕድሜው 350 ዓመት ገደማ የሆነው ካሲዮፒያ ኤ ግን፣ በላ ፓልማ ደሴት ያሉት የማጂክ ቴሌስኮፖች በ2017 እንዳሳዩት፣ ጋማ ጨረሩ ከ3.5 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ጀምሮ ይመናመናል። የፕሮቶኖቹ ኃይል ከሚፈለገው በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው ማለት ነው።

ትልቁ ሥራ የሚሠራው ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ወራት ቢሆንስ? ግዙፍ ኮከብ ከመፈንዳቱ በፊት ባሉት ዓመታት ብዙ ጋዝ ወደ ውጭ ይተፋል። የፍንዳታው ሞገድ ይህን ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ ሲመታ ፕሮቶኖችን እጅግ ሊያጣድፍ ይችላል። መሰናክሉም እዚያው ነው፤ ሱፐርኖቫው ራሱ የሚያፈልቀው ብርሃን የበዛ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋማ ጨረሩ ከብርሃኑ ጋር ተጋጭቶ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ተለውጦ ይጠፋል። ቶሎ ያየ ጨረሩ ተውጦ ያገኘዋል፤ የዘገየ ደግሞ ደብዝዞ ይደርስበታል።

ጣሪያው እንዴት ይሰላል?

በናሚቢያ ኮማስ ደጋ፣ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሄስ ስም የተሰየሙ አምስት ቴሌስኮፖች አሉ። አራቱ 12 ሜትር፣ አምስተኛው 28 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አላቸው። ጋማ ጨረሩ ራሱ መሬት አይደርስም። ከባቢ አየሩን ሲመታ የቅንጣቶች ውርጅብኝ ይፈጥራል፤ ቅንጣቶቹ ብርሃን በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ስለሚበልጡ የቼሬንኮቭ ብርሃን የሚባል ሰማያዊ ብልጭታ ይሰጣሉ። ብልጭታው የሚቆየው ለጥቂት ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ነው። ካሜራዎቹ የሚይዙት እሱን ነው።

ከሚያዙት ብልጭታዎች አብዛኞቹ ግን የጋማ ጨረር ሳይሆኑ የተራ ኮስሚክ ጨረር ናቸው። የጋማው ምስል ጠባብና ሞላላ፣ የፕሮቶኑ የተበታተነ ስለሆነ ብዙው በቅርጹ ተለይቶ ይጣላል። ሆኖም የማይለይ ትርፍ ሁልጊዜ ይቀራል። ስለዚህ ተመራማሪው ሱፐርኖቫው ባለበት አቅጣጫ የመጡትን ይቆጥራል፤ ከጎኑ ባለው ባዶ ሰማይ የመጡትንም ይቆጥራል፤ ሁለቱን ያነጻጽራል።

ለማስረዳት ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። ከባዶው ሰማይ ተነስተን 100 ብልጭታ ጠበቅን፤ በሱፐርኖቫው አቅጣጫ 104 ቆጠርን። አራቱ ትርፍ ግኝት አይደሉም፤ አማካዩ 100 የሆነ ቆጠራ በአጋጣሚ ብቻ አሥር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ቀጥሎ ጥያቄው ይገለበጣል፦ ከሱፐርኖቫው የሚመጣው እውነተኛ ጨረር ምን ያህል ቢሆን ነው፣ 104 ወይም ከዚያ ያነሰ መቁጠር ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ የሚያጋጥመው? ስሌቱ 22 ገደማ ይሰጣል። ይህ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የተሰላ የመጠን ጣሪያ ነው። ትክክለኛው መጠን ዜሮም፣ 4ም፣ 15ም ሊሆን ይችላል፤ 50 ቢሆን ግን ይህን ያህል ጥቂት መቁጠር የማይመስል ነገር ነው።

ጣሪያ ምን ያስተምራል?

የሄስ ቡድን በ2019 የአሥር ሱፐርኖቫዎችን ውጤት አሳተመ። ዘጠኙ ቴሌስኮፖቹ ሌላ ነገር ሲመለከቱ በዕይታቸው ውስጥ የተገኙ ሲሆኑ፣ ዐሥረኛው በ2016 ሆን ተብሎ የታየ ነው። ከአንዱም ጨረር አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ ግን ከጣሪያዎቹ ተነስተው፣ ስለ ፕሮቶኖቹ መጣደፍ የተወሰነ ግምት ወስደው፣ ከዋክብቱ ከመፈንዳታቸው በፊት በዓመት ቢበዛ ምን ያህል ቁስ ይተፉ እንደነበር አሰሉ። ጣሪያው እንደየኮከቡ ከፀሐይ ቁስ 0.00002 እስከ 0.002 ሆነ፤ በመሬት ቁስ ሲመነዘር ከ7 ገደማ እስከ 670 ገደማ መሬት በዓመት ማለት ነው። ያልታየ ጨረር ስለሞተ ኮከብ የመጨረሻ ዘመን መረጃ ሰጠ።

ሁለተኛው ምሳሌ በግንቦት 2023 ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ ያገኘው «2023አይኤክስኤፍ» ነው። ርቀቱ 22 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በመሆኑ ለሱፐርኖቫ ቅርብ የሚባል ነው፤ ለፌርሚም ሊታይ ይችላል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አልታየም። በተለምዶ ከፍንዳታው ኃይል 10 በመቶ ያህሉ ወደ ኮስሚክ ጨረር ይለወጣል ተብሎ ሲታሰብ፣ በ2024 የወጣው ጥናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠኑ እስከ 1 በመቶ ዝቅ ሊል እንደሚችል አመለከተ። ጥናቱ ሱፐርኖቫን ከምንጭነት አይሰርዝም፤ የጋዙ አቀማመጥም ሆነ ጊዜው ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

የፍንዳታ ሞገድ ጋዝን መትቶ በቀናት ውስጥ ብርቱ ጋማ ጨረር ማውጣት መቻሉ ራሱ አያጠራጥርም። በነሐሴ 2021 «አርኤስ ኦፊዩኪ» የተባለችው ኖቫ፣ ከሱፐርኖቫ እጅግ ያነሰች ብትሆንም፣ ስትፈነዳ ሄስም ማጂክም ጨረሯን አይተዋል። እሷ ግን የምትገኘው በገዛ ጋላክሲያችን ውስጥ ነው።

አጠቃቀሙ

«ከሱፐርኖቫው ጋማ ጨረር እንደማይወጣ ተረጋገጠ» ማለት ስሕተት ነው። «ጨረሩ ከዚህ መጠን እንደማይበልጥ ታወቀ» ትክክል ነው። ጣሪያ ሲጠቀስ የኃይሉ ልክ፣ የታየበት ጊዜና የእርግጠኝነቱ መቶኛ አብረው መጠቀስ አለባቸው። ፌርሚ ያስቀመጠው ጣሪያ ሄስ በሚያየው የኃይል ልክ ላይ ምንም አይናገርም፤ በአሥረኛው ቀን የተሰላም ለመቶኛው ቀን አያገለግልም።

ጣሪያ ንድፈ ሐሳብን የሚጥለው ከትንበያው በታች ሲወርድ ነው። ትንበያው ከጣሪያው ሥር ካደረ ፍርድ የለም። በላ ፓልማና በቺሊ የሚገነቡት የቼሬንኮቭ ቴሌስኮፖች ከዛሬዎቹ ይበልጥ ደብዛዛ ጨረር እንዲያዩ የታቀዱ ስለሆነ፣ ባያገኙ እንኳ ጣሪያውን ዝቅ ያደርጉታል። ያኔ ዛሬ ከጣሪያው ሥር ካሉት ትንበያዎች የትኞቹ እንደሚወድቁ ይለያል።