ዜና ዘቱራያ፤ የበረሃው ሰው ድምፅ

በተባበሩት ዓረብ ኢምሬትስ ሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን በሚያስተዳድሩበት ዘመን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997፣ የአገሩ ቴሌ ኤቲሳላት የሌሎችን አገሮች ቴሌዎችና ባለገንዘቦችን አስተባብሮ አንድ ማኅበር አቆመ። ስሟንም በሰማይ ካሉት ሰባት ከዋክብት ወስደው ቱራያ አሏት። የተነሡበት ምክንያት የታወቀ ነው። አገራቸው በረሃና ባሕር ነው፤ ግመል ጠባቂውም፣ ዓሣ አስጋሪውም፣ ነዳጅ ቆፋሪውም ውሎው ሽቦ ከማይደርስበት ነው፤ በየአሸዋው ክምር ላይ ምሰሶ ማቆምም የሚቻል አልነበረም።

በዚያው ዘመን ኢሪዲየም የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ዓለሙን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያዳርስ ተነሥቶ፣ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር አፍስሶ 66 ሳተላይቶች በሰማይ አሰማራ። በጥቅምት 1991 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዓመቱ ሳይሞላ በነሐሴ ከሰረ። በኋላም በሌሎች እጅ ዳግመኛ ተነሥቷል። የቱራያ ሰዎች ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ምኞታቸውን በልክ አደረጉ፤ ዓለሙን ሁሉ ትተው የራሳቸውን አካባቢና ጎረቤቱን መረጡ፤ በ66 ፈንታም ጥቂት ትልልቅ ሳተላይቶች አዘዙ። አስተዋይነት ማለት ይህ ነው። ሥራውን ለአሜሪካው ሂውዝ ሰጡት፤ ወጪው ከምድር ጣቢያው ጋር 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሆነ።

ጥቅምት 11 ቀን 1993 ዓ.ም. ታላቅ ቀን ነበረች። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከምድር ወገብ መስመር፣ ኦዲሲ የሚባል ተንሳፋፊ መድረክ ቆመ፤ ይህም ቀድሞ የነዳጅ መቆፈሪያ የነበረ ነው። ወደዚያ ሩቅ ባሕር የወሰዱበት ምክንያት በወገብ መስመር የምድር ዙረት ስለሚበረታ ለሮኬቱ ጉልበት ስለሚጨምርለት ነው። ሮኬቱ ዜኒት ነበር፤ አካሉን ዩክሬኖች፣ የላይኛውን ሞተር ሩሲያውያን ሠርተውታል፤ በመርከቡ ሥራ የኖርዌይ ሰዎች አሉበት፤ የአስወንጫፊው ማኅበር አዝማች ደግሞ አሜሪካዊው ቦይንግ ነበር። ትናንት በጠላትነት ይተያዩ የነበሩ ሕዝቦች ለአንድ የበረሃ ስልክ አብረው ሲደክሙ ማየት የእግዚአብሔርን ቸርነት ያሳስባል። በዚያ ባሕር የዓርብ ምሽት ሳለ፣ በእኛ ዘንድ የቅዳሜ ማለዳ፣ ከ5 ቶን በላይ የምትመዝነው ሳተላይት ተነሣች፤ እስከዚያ ቀን ለንግድ ከወጡት ሁሉ ከባዷ እርሷ ነበረች። በሰማይም 12 ሜትር ስፋት ያለው የመረብ አንቴናዋ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። ከ200 በላይ ጨረሮች ወደ ምድር ትልክ ነበር፤ ሰው በበዛበት ስፍራ ኃይሏን ታበዛ ነበር፤ በአንድ ጊዜም 13,750 ሰዎችን ታነጋግር ነበር።

የአጠቃቀሙ ሥርዓት እንዲህ ነው። ደዋዩ ጣሪያ ስለሚከለክለው ከድንኳኑ ይወጣል፤ ወፍራሙን አንቴና ስቦ ያቆማል፤ ፊቱንም ሰማዩ ወደተገለጠበት ያዞራል። ቃሉ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ወጥቶ፣ ያንኑ ያህል ወርዶ ሻርጃ ካለው ጣቢያ ይገባል፤ ከዚያም ወደተፈለገው አገር ይሄዳል። ስለዚህ ሰላምታ ሰጥቶ መልሱን እስኪሰማ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዝም ይላል። የለመደ ይታገሣል፤ ያልለመደ ተቋረጠ ብሎ ቃሉን ይደጋግማል፤ ሁለቱም ድምፆች በመንገድ ይጋጫሉ። ያው ስልክ ከተማ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ሞባይል ይሠራል፤ ባለቤቱ የቆመበትንም ስፍራ ይነግረዋል።



ሚያዝያ 1 ቀን 1995 ዓ.ም. ባግዳድ ወደቀች። የቴሌ ሕንፃዎቿ በቦምብ ፈርሰው ስለነበር ከተማይቱ ድዳ ሆነች። በዚያን ጊዜ የሳተላይት ስልክ ያለው ሰው በጎዳና ቆሞ በደቂቃ ያስከፍል ጀመር፤ ሕዝቡም ተሰለፈ። እናት በስደት ላለ ልጇ፣ ወንድም ለወንድሙ፣ በሕይወት መኖሩን ብቻ ተናግሮ ለሚቀጥለው ይለቅ ነበር። የቱራያ ክብር በዚያ ሰልፍ ታየ። የአሜሪካ ጦር ግን ስልኩ የሰፈሩን ቦታ ያጋልጣል ብሎ ስለሠጋ አብረውት የሚጓዙትን ጋዜጠኞች ከለከለ።

በዚያው ዓመት ሰኔ 3 ቀን፣ ዕርገት በዋለ በአምስተኛው ቀን፣ የፊተኛይቱ ሳተላይት የፀሐይ ክንፍ እንደታሰበው ስላልጸና፣ ሁለተኛይቱ ወጣች። ማረፊያዋም በምሥራቅ 44ኛው ዲግሪ፣ ከሶማልያዋ ባራዌ ከተማ ደቡብ፣ ከባሕሩ በላይ ሆነ። ኢትዮጵያም በጨረሯ ሥር ናት፤ ሆኖም በአገራችን ይህን ስልክ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ይህች ሳተላይት ለ12 ዓመት ተሠርታ ከ20 ዓመት በላይ አገለገለች፤ ከባሪያዎች ሁሉ ታማኝ ናት።



ሦስተኛይቱ ወደ ምሥራቅ እስያ ልትሄድ ተዘጋጅታ ሳለ፣ ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ሌላ ሳተላይት የጫነ ሮኬት በዚያው መድረክ ላይ ፈነዳ። መድረኩ ቆሰለ፤ ከሰው ግን አንድም አልጠፋም፤ ለዚህም ምስጋና ይገባል። ተጠግኖ እስኪመለስ አንድ ዓመት ጠበቁ። ጥር 6 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በግዝረት በዓል፣ ቱራያ 3 በሰላም ወጥታ በ98ኛው ዲግሪ ተኩል ቆመች። ስለዚህም የማኅበሩ ግዛት ከአውሮፓ እስከ አውስትራልያ ሰፋ።

በ2003 ዓ.ም. የሊቢያ ሕዝብ በጋዳፊ ላይ ሲነሣ፣ ከዚያች አገር የተነሣ ሆን ተብሎ የተለቀቀ ማወኪያ ሞገድ የቱራያን መስመር በጠበጠ። ባለሙያዎቿ ታገሉ። የሕዝብን አፍ ለመዝጋት በሰማይ ላይ የሚዘምት መንግሥት ፍጻሜው ምን እንደሆነ ሁሉ አይቷል። 

በ2010 ዓ.ም. ያህሳት የሚባል የአቡ ዳቢ ኩባንያ ቱራያን ገዛት፤ በ2017 ዓ.ም. መግቢያም ያህሳት ባያናት ከሚባል ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ስፔስ 42 ተባለ። ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልደት አራት ቀን ሲቀረው፣ ኤርባስ የሠራት ቱራያ 4 ከፍሎሪዳ በፋልከን 9 ሮኬት ተነሣች፤ አፍሪካን፣ አውሮፓን፣ መካከለኛውን ምሥራቅና መካከለኛውን እስያ ታገለግል ዘንድ።

ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ቱራያ 3 ዝም አለች፤ አልተመለሰችም። በምሥራቁ ባሕር ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች ስልካቸውን ወደ ሰማይ ቢያነሡ የሚመልስላቸው ጠፋ። አዲሲቱ ለእነርሱ አትደርስም። የቱራያን መልካም ሥራ በደስታ ጽፈናልና፣ አለቆቿ ለ98ኛው ዲግሪ ተኩል ምትክ እንዲልኩ በዚሁ ዜና እንለምናቸዋለን።