የኤሌክትሪክ ስሌት ታሪክ፤ ከኮሎኝ እስከ ከሚሴ

በከሚሴ ከተማ ኮረንቲ ሲቋረጥ ሰው ሁሉ «መብራት ጠፋ» ይላል። በኦሮምኛም «ኢብሳ» የሚለው ቃል ትርጓሜው ብርሃን ወይም መብራት ነው። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ በቤታችን ከሁሉ ይልቅ ኮረንቲ የሚበላው አምፑሉ ሳይሆን የእንጀራው ምጣድ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ የዚህ ስሌት ሕግ እንዴት እንደ ተገኘ ለመጻፍ መረጥን።

ቮልቴጅ ኮረንቲውን የሚገፋው ግፊት ሲሆን፥ ጅረት ደግሞ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው መጠን ነው። ተቃውሞ የምንለው ሽቦው ጅረቱን የሚያግድበት ጠባይ ነው። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የተቃውሞው መጠን በኦም ይገኛል፤ ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉ በዋት ይታወቃል። ስሌቱ ለታናናሾቻችንም አይከብድም። ሊቃውንት ግን እዚህ ለመድረስ እጅግ ደክመዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ነገሩ የተጠጋው እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ ነው። እርሱም በ1781 (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) የጅረት መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረው፥ የገዛ ሰውነቱን መለኪያ አድርጎ የንዝረቱን ብርታት እያነጻጸረ መረመረ። ይህን ማንም ተማሪ እንዳይሞክረው አጥብቀን እንለምናለን! ካቨንዲሽ ግን ያገኘውን ሳያሳትም ስለ ሞተ፥ ጽሑፉን ማክስዌል የተባለው ሊቅ በ1879 እስኪያወጣው ድረስ ተደብቆ ኖረ።

ሕጉ ዛሬ በስሙ የሚጠራለት ጌዎርግ ሲሞን ኦም ግን እንደ ካቨንዲሽ ባለጸጋ አልነበረም። በ1789 በኤርላንገን ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ከ1817 ጀምሮ በኮሎኝ ከተማ፥ ቀድሞ የኢየሱሳውያን በነበረ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ሆነ። ምርምሩንም የጀመረው በዚያው ትምህርት ቤት መሣሪያዎች ነው። በመጀመሪያ የተጠቀመበት ባትሪ ጉልበቱ ቶሎ ቶሎ እየወረደ አስቸገረው። በኋላ ግን መዳብና ቢስሙት የተባሉትን ብረቶች ጫፍ ለጫፍ አገናኝቶ፥ አንዱን መገናኛ በሚፈላ ውሃ፥ ሌላውን በበረዶ ውስጥ ሲያደርግ የማይለዋወጥ ግፊት አገኘ። ከዚያ ርዝመታቸው የተለያየ የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ እየቀጠለ፥ የመግነጢሱ መርፌ ምን ያህል እንደሚዞር ለካ። ሽቦው በረዘመ መጠን ጅረቱ ያንሳል፤ ያውም በሥርዓት። ይህንም በ1827 በመጽሐፍ አወጣ።

ታዲያ ምን ተደረገለት? በአገሩ ብዙዎቹ ሊቃውንት መጽሐፉን ቸል አሉት፤ እርሱም አዝኖ የኮሎኝ ሥራውን ለቀቀ። የለንደን ንጉሣዊ ማኅበር የኮፕሊ ሜዳይ የሸለመው በ1841 ሲሆን፥ በሚዩኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነት ያገኘው ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው፥ በ1852 ነው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በትምህርት ቤቱ ዕቃ ይህን ያህል መሥራቱ እኛን እጅግ ያስደንቀናል።

በዚያው በ1841 ጁል የተባለ የእንግሊዝ ቢራ ጠማቂ ልጅ፥ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን በሽቦው የሚወጣው ሙቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን አስታወቀ። የምጣዳችን አባት እርሱ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

በአገራችን የኤሌክትሪክ መብራት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተጀመረ። በ1948 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ መሥሪያ ቤቱን «መብራት ኃይል» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1952 ዓ. ም. 43 ሺህ ኪሎ ዋት ገደማ የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ 5,150 ሺህ ኪሎ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኮረንቲውም ወደ ሆለታ የሚላከው በ500 ሺህ ቮልት ነው።

ይህ ሁሉ ቮልት ለምን አስፈለገ? 1,000 ኪሎ ዋት ተቃውሞው 10 ኦም በሆነ መስመር እንላክ። በ10 ሺህ ቮልት ብንልከው ጅረቱ 100 አምፔር ስለሚሆን፥ 100 ኪሎ ዋት በመንገድ ላይ ሽቦ ሲያሞቅ ይቀራል። በ100 ሺህ ቮልት ከሆነ ግን ጅረቱ 10 አምፔር ብቻ ነው፤ የሚጠፋውም 1 ኪሎ ዋት ነው። ወደ ከሚሴ የሚመጣውም ኮረንቲ ከሩቅ ስለሆነ በዚሁ ብልሃት ይደርሰናል።

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። ተቃውሞው 14 ኦም የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 15.7 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉም ወደ 3,460 ዋት ነው። 60 ዋት የሆነው አምፑል ግን ከ0.3 አምፔር አይበልጥም። ለአምፑል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ምጣድ ሲጫንበት ምን እንደሚደርስበት አንባቢ ያስብ። ፊውዙ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው፤ አንዳንድ ሰው ግን በስፍራው ወፍራም ሽቦ ይጠመዝዝና ተገላገልኩ ይላል።

ሌላም አለ። ከጎረቤት ቆጣሪ በረጅም ቀጭን ሽቦ የተሳበ መስመር 2 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፥ ጠቅላላው 16 ኦም ይሆናል፤ ጅረቱም ወደ 13.75 አምፔር ይወርዳል። ምጣዱ የሚያገኘው 192.5 ቮልት ብቻ ስለሆነ ኃይሉ ወደ 2,650 ዋት ያንሳል። እናቶቻችን «ምጣዱ አልግል አለኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚህም ሌላ 378 ዋት በሽቦው ላይ ይቀራል፤ እርሱም ሽቦው በሚያልፍበት ጣራና ግድግዳ ሥር፥ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።